ኢኮኖሚው በማያስተማምንበት ጊዜ የሸራ ጀልባ ልግዛ ወይስ ልቆይ? ለዋሽንግተንና ለቼሳፒክ ቤይ አካባቢ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነሥቶ በሩት 50 ወደ ምሥራቅ 30 ማይል ያህል የነዳ ሰው አናፖሊስ ይገባል። የበጋው ሙቀት በረድ ሲል በዚያች ከተማ ዙሪያ ያሉትን ማሪናዎች፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያ ወደቦች፣ የዞረ ሰው ደግሞ በየጀልባው አፍንጫ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ካርቶን ታስሮ ማየቱ አይቀርም። ዋጋው ያስገርማል፤ 30 ጫማ የሚረዝም፣ አራትና አምስት ሰው የሚያስተኛ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው የ1980ዎቹ የሸራ ጀልባ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ከተነዳ ኮሮላ ባነሰ ዋጋ ይቀርባል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ካርቶን ፊት ቆሞ ስልክ ቁጥሩን ልመዝግብ ወይስ ልለፍ እያለ ለሚያመነታ ሰው ነው።

የሚከተለው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ አሮጌ ጀልባ መግዛት ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ መያዝ ግን ርካሽ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ የሥራ ነገር በማያስተማምንበት ዘመን ከዋጋው አስቀድሞ ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፦ ገቢ ቢቋረጥ ጀልባውን ስንት ወር ማቆየት እንደሚቻል፣ ማቆየት ሲያቅት ደግሞ በየትኛው በር እንደሚወጡ። እኔ ሁለተኛውን የተማርኩት ዘግይቼ፣ ያውም በነጻ ሊሰጠኝ በነበረ ጀልባ ምክንያት ነው፤ በቦታው እመለስበታለሁ።

አንደኛ፦ ሥራ የቆመበትን ስድስት ወር በወረቀት ላይ ያስሉ

አንድም ጀልባ ከማየትዎ በፊት ገቢዎ ነገ ቢቋረጥ ቤተሰብዎን ለስድስት ወር የሚያኖረውን ገንዘብ ይጻፉ። የቤት ኪራይ ወይም ሞርጌጅ፣ የመኪና ክፍያ፣ የጤና መድን፣ የልጆች ወጪ በየራሳቸው መስመር ይግቡ። ባንክ በሚሰጠው የበጀት ቅጽ ላይ የማይገኝ፣ በእኛ ቤት ግን የማይቀር አንድ መስመር አለ፤ እርሱም በየወሩ ወደ አገር ቤት የሚላከው ነው። ልጃቸው ሥራ ፈታ ብለው መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ እናት የሉምና ይህን ገንዘብ «ሲቸግር የሚቀነስ» ብሎ ማለፍ ራስን ማታለል ነው።

ስድስት ወር የበዛ ለሚመስለው ሰው ይህ አካባቢ ራሱ መልስ ይሰጠዋል። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻና በ2019 መጀመሪያ ለ35 ቀን፣ እንደገና በ2025 ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ለ43 ቀን ሥራው ተዘግቶ ነበር። ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛው የቀረበትን ደመወዝ በኋላ አገኘ። ለመሥሪያ ቤቶቹ በኮንትራት የሚሠራው ብዙ ሰው፣ ታክሲ ነጂው፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛውና የምሳ ደንበኞቹ የቀሩበት ባለ ሬስቶራንት ግን የባከነውን ቀን የሚመልስላቸው አልነበረም። የእርስዎ ገቢ ከማን ኪስ እንደሚመጣ ሁለት እርከን ወደ ኋላ ሄደው ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ያው መንግሥት ሆኖ ይገኛል።

ይህ የስድስት ወር ገንዘብ ለጀልባ የማይነካ ነው። ከእርሱ ውጭ የጀልባውን ዋጋ፣ የአንድ ሙሉ ዓመት የመያዣ ወጪና ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ቢያንስ የዋጋውን ግማሽ የሚያህል ጥሬ ገንዘብ ከሌለዎት ጉዳዩ ለዚህ ዓመት እዚህ ላይ ተዘግቷል። ግማሽ ማለቴ ከሕግ የተወሰደ አይደለም፤ ርካሽ ጀልባ የገዙ ወዳጆቼን አይቼ የደረስኩበት ልክ ነው፣ ማንም በዛብኝ ብሎ ሲያማርር አልሰማሁም።

ስለ ብድርም አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ከዜሮ ብዙም ያልራቀውን የወለድ ተመን እስከ ጁላይ 2023 ድረስ ከ5 በመቶ በላይ አውጥቶታል፤ የጀልባ ብድርም አብሮ ተወዷል። ከዚህም ሌላ ብዙ አበዳሪዎች ሃያ ዓመት ያለፈው ጀልባ ላይ ገንዘባቸውን ማፍሰስ አይወዱም፤ በዚህ ምክንያት ሰው ወደ ክሬዲት ካርድ ወይም ቤቱን ወደሚያሲዝበት ብድር ይዞራል። ውሃ ላይ ለሚንሳፈፍ መዝናኛ ልጆች የሚያድሩበትን ቤት ማስያዝ አይገባም። መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው ጀልባ በፌዴራል ግብር ሕግ እንደ ሁለተኛ ቤት ሊቆጠርና የብድሩ ወለድ ሊቀነስ መቻሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ የሚጠቅመው ወጪዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ግብሩን ለሚያሳውቅ ሰው ብቻ ስለሆነ ሻጭ እንደ ማባበያ ሲያነሣው ፈገግ ብለው ይለፉት።

ሁለተኛ፦ የዓመቱን ወጪ በዋጋ ሳይሆን በጫማ ያስሉ

ብዙ ሰው የሚያውቀው ደንብ «የዓመት ወጪ የዋጋው 10 በመቶ ነው» የሚለው ነው። ለአዲስና ውድ ጀልባ ምናልባት ይሠራ ይሆናል፤ ለአሮጌ ጀልባ ግን ፈጽሞ አይሠራም፤ ምክንያቱም ማሪናው የማቆሚያ ቦታውን፣ ማለትም ስሊፑን፣ የሚያከራየው በርዝመት ነው። ከውሃ የሚያወጣው ክሬንም፣ ሆዱን የሚቀባው ሠራተኛም፣ መርማሪውም የሚያስከፍሉት በጫማ ነው። ጀልባውን በ5,000 ይግዙት በ50,000 ለእነርሱ ልዩነት የለውም።

የሚከተለው ምሳሌ ስሌቱን ለማሳየት የቀረበ ስለሆነ በእያንዳንዱ ቁጥር ቦታ ስልክ ደውለው ያገኙትን ዋጋ ይተኩ። 30 ጫማ ለሆነ ጀልባ ስሊፑ በዓመት 2,800 ዶላር፣ መድኑ 400፣ ከውሃ ማውጣት፣ ማጠብና መቀባት 1,000፣ ለብርዱ ወራት ማዘጋጀት 200፣ ጥገና 1,500 ቢሆን ድምሩ 5,900 ዶላር ይመጣል፤ በወር ሲካፈል 492 ዶላር ግድም ነው። ሥራ ቢቆም ይህ ገንዘብ አብሮ አይቆምምና ስድስት ጊዜ አባዝተው በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይጨምሩት። በዓመት 20 ጊዜ የሚወጡ ከሆነ አንዱ ጉዞ 295 ዶላር ይፈጃል፤ 8 ጊዜ ብቻ የሚወጣውን ሰው ስሌት ለራሱ እተወዋለሁ።

አሁን ርዝመቱን ወደ 22 ጫማ ያውርዱት። ካታሊና 22 የተባለው በብዙ ሺህ የተሠራ ጀልባ በተጎታች ላይ ተጭኖ በመኪና ይጎተታል፤ ኪሉ፣ ማለትም ከሆዱ ሥር ወርዶ ጀልባው እንዳይገለበጥ የሚይዘው ከባድ ብረት፣ በአንዳንዶቹ ላይ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ 2 ጫማ ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ ያልፋል። ጣና ላይ በታንኳ ላደገ ሰው ኪል እንግዳ ነገር ነው፤ እዚህ ግን የወጪው ሁሉ መነሻ እርሱ ነው። የታላቅ ወንድሙ የካታሊና 30 ክብደት 10,200 ፓውንድ ያህል ነው፤ በርዝመት የሚበልጠው 8 ጫማ ቢሆንም በክብደት ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ገመዱ፣ ሸራው፣ መልሕቁና ሞተሩ የሚገዙት ይህን ክብደት እንዲችሉ ሆነው ስለሆነ ወጪውም ክብደቱን ተከትሎ ይሄዳል። ትንሹን ጀልባ በተጎታቹ ላይ እንዳለ በግቢ ማቆሚያ ማሳደር፣ መድንና ጥገና ተደምረው በዓመት 1,600 ዶላር ቢሆኑ በወር 133 ዶላር ነው። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ሁለት ቁጥር መካከል ነው የሚወስነው፤ እኔን ከጠየቁኝ ደግሞ ዘመኑ ሲናወጥ ትንሹ ያሸንፋል።

ርቀትንም ከወጪው ጋር ይቁጠሩት። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው በፖቶማክ ወንዝ ዳር ቢያቆም ከቤቱ አሥር ደቂቃ ነው፤ ወደ ዋናው ቤይ፣ ማለትም ወደ ባሕር ሰላጤው፣ ለመድረስ ግን ወንዙን ይዞ 100 ማይል ያህል መውረድ አለበት። አናፖሊስ ቢያቆም ቤዩ ከፊቱ ነው፤ ነገር ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሩት 50 ላይ ወደ ውቅያኖስ ዳር ከሚጓዘው ሕዝብ ጋር ተሰልፎ መዋሉን ይቀበል።

ሦስተኛ፦ ሳይገዙ አንድ ወቅት በሸራ ይጓዙ

በቼሳፒክ ወቅቱ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ሁሉ የሰው ጀልባ ላይ ያሳልፉት። መሠረታዊ ትምህርት ይውሰዱ፣ ጀልባ በሰዓት ወይም በቀን ይከራዩ፣ የረቡዕ ማታ ውድድር ባለባቸው ክለቦች ዘንድ ሄደው ሰው የጎደለው ባለ ጀልባ ይፈልጉ፤ ገመድ የሚስብ እጅ ሁልጊዜ ይፈለጋል። በሜሪላንድ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው የተመዘገበ ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ማስረጃ ስለሚያስፈልገው ይህንንም በዚያው ወቅት ይጨርሱት።

በየጊዜው ቀኑን፣ አብሮዎት የመጣውን ሰውና ሲመለሱ የተሰማዎትን በማስታወሻ ይያዙ። በጁላይ መጨረሻ ነፋሱ ጠፍቶ፣ ሙቀቱ ከእርጥበቱ ጋር ተጣብቆ፣ የሚናደፈው ጄሊፊሽ ውሃውን ሞልቶት መዋኘት እንኳ ሲከለከሉ ባለቤትዎና ልጆችዎ ምን እንዳሉ ይጻፉ። ወቅቱ ሲያልቅ ማስታወሻው ላይ 12 ጉዞ ካልሞላ መከራየት ይሻልዎታል፤ ይህን ለማወቅ የከፈሉት የኪራይ ገንዘብ ከሁሉ ርካሹ ትምህርት ነው።

አራተኛ፦ ገበያው የት እንዳለ ይወቁ

የጀልባ ገበያ ከኢኮኖሚው ቀድሞ የሚታመም፣ ዘግይቶ የሚድን ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ መንግሥት ከ100,000 ዶላር በላይ በሆነው የጀልባ ዋጋ ላይ የ10 በመቶ የቅንጦት ግብር ሲጥል ከኢኮኖሚው መቀዛቀዝ ጋር ተደርቦ ፋብሪካዎቹን መታቸው፤ ሠራተኞችም ከሥራ ወጡ። ግብሩ በ1993 ተሰረዘ። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ ደግሞ ባለቤቶቻቸው መክፈል አቅቷቸው የተዉአቸው ጀልባዎች በየቦታው በዙ። በተቃራኒው በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ሁሉ ከቤት መውጫ ሲፈልግ የአሮጌ ጀልባ ዋጋ ሳይቀር ሰማይ ነካ፤ ያን ጊዜ በውድ የገዛ ብዙ ሰው ዛሬ ሻጭ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለገዢ ይጠቅማል፤ በማያስተማምን ጊዜ የሚያስቸኩል ነገር የለም፣ ቸኩሎ የሚጠፋው ሻጩ ነው። በዓመቱም ውስጥ ቢሆን ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ሻጩ የብርዱን ወራት ማቆያ ከመክፈሉ በፊት ለመሸጥ ስለሚፈልግ ድርድሩ ወደ እርስዎ ያደላል። አናፖሊስ ከ1970 ጀምሮ የሚካሄደው የሸራ ጀልባ ትርዒትም በዚያው ኦክቶበር ነው፤ ብዙዎች አዲሱን ዓይተው አሮጌውን ለመሸጥ የሚወስኑት ያኔ ነው ይባላል፣ እኔም ሳልታዘበው አልቀረሁም። የማይወርደው የክሬኑና የሠራተኛው ክፍያ፣ የመለዋወጫውም ዋጋ ነው። በ2025 በብረትና በአልሙኒየም ላይ የተጣለውን ከፍተኛ ቀረጥ ስናስብ ምሰሶው አልሙኒየም፣ ሽቦው የማይዝግ ብረት የሆነ ነገር ስንገዛ እንደሆነ አንርሳ። ስለዚህ በርካሽ ዋጋ ከተገኘ የተጎዳ ጀልባ ይልቅ ትንሽ የተወደደ ደህና ጀልባ ይሻላል።

አምስተኛ፦ ሠርቬየር ከመጥራትዎ በፊት በራስዎ ይመርምሩ

ሠርቬየር የሚባለው የጀልባ መርማሪ በጫማ ስለሚያስከፍል ግልጽ ጉድለት ላለበት ጀልባ አይጠራም። የመጀመሪያውን ወንፊት እርስዎ ይሁኑ። የሚያስፈልግዎት የእጅ ባትሪ፣ የፕላስቲክ እጀታ ያለው ካቻቪቴ፣ የሶፍት ወረቀትና ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ያሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ውሃ ከላይ እንደሚገባ፣ የቤንዚን ሽታ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር እንዳለ ይናገራል። በ1970ዎቹ በተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ውስጥ አቶሚክ 4 የተባለ የቤንዚን ሞተር ይገኛል፤ ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ ዳሩ ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጀልባው ወለል ሥር ወርዶ ይጠራቀማል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ናፍጣ ሞተር ያለውን ማስቀደም የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ላይ ይውጡና የላይኛውን ወለል በካቻቪቴው እጀታ በየአራት ጣቱ ያንኳኩ። ወለሉ እንደ ሳንድዊች ነው፤ ከላይና ከታች ፋይበርግላስ፣ በመካከሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ፕላይውድ አለ። ደህናው ቦታ ጠንከር ብሎ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል፤ ውሃ ገብቶ የበሰበሰው ደግሞ እርጥብ ካርቶን እንደሚመቱት «ዱብ፣ ዱብ» ብሎ ድምፁ ይሞታል። በተለይ ምሰሶውን የሚይዙት ሽቦዎች ወለሉን በስተው የሚወርዱበትን፣ የመስኮቱን ጠርዝና የአጥሩን እግሮች ዙሪያ አይዝለሉ። መስኮቶቹ ሥር በውስጥ በኩል ሻይ የፈሰሰ የሚመስል ቡናማ መስመር ካለ ውሃው ለዓመታት ሲወርድ ኖሯል።

ሽቦዎቹን በባዶ እጅ አይዳስሱ። ሶፍቱን ጠቅልለው ከታች ወደ ላይ ያንሸራትቱት፤ ወረቀቱን የነከሰው ቦታ ላይ ከሽቦው ክሮች አንዱ ተበጥሷል፣ ያ ሽቦ ይለወጣል። ሽቦው ጫፉ ላይ ካለው የብረት ቱቦ ሲወጣ የዝገት እንባ ካለበትም እንደዚያው ነው። የመጨረሻው ለውጥ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት ያለፈ ከሆነ የመድን ድርጅቱ መለወጫ ሊጠይቅ ስለሚችል ያን ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀንሱ።

ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ከቆመ ደግሞ ኪሉ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ከፊት በኩል ተንበርክከው ይመልከቱ። በቀደሙት የካታሊና 30 ሞዴሎች ላይ እዚያ የሚታየውን ስንጥቅ መርከበኞች «የካታሊና ፈገግታ» ብለው ይጠሩታል፤ ስሙ ያስቃል፣ ሆኖም ኪሉን የያዙት ቡሎኖችና በዙሪያቸው ያለው እንጨት መመርመር እንዳለባቸው ያመለክታል። የሞተሩ ዘይት ማያ ላይ ቡናማ ወተት የመሰለ ነገር ካዩ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፤ ስለ ሞተሩ ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም፣ ሻጩን አመስግነው ይሂዱ።

በመጨረሻም ከጀልባው ጀርባ በስተቀኝ በኩል የተቀረጸውን 12 ፊደልና ቁጥር ያለበትን የአካል መለያ ቁጥር ፎቶ ያንሱ። ከ1972 መጨረሻ ወዲህ በተሠራ ጀልባ ሁሉ ላይ መኖር አለበት፤ ሻጩ በያዘው የባለቤትነት ወረቀት ላይ ካለው ጋር አንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ምክንያቱ ሳይታወቅ ገንዘብ አይከፈልም።

ስድስተኛ፦ ዋጋ ያቅርቡ፣ ነገር ግን በር ክፍት ይተው

ጀልባው ይህን ሁሉ ካለፈ «በምርመራውና በሙከራ ጉዞው ከረካሁ» የሚል ሁኔታ ያለበት የጽሑፍ ዋጋ ያቅርቡ። የተለመደው ቀብድ 10 በመቶ ነው፤ ሁኔታው ካልተሟላ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሠርቬየሩን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት፤ ሻጩ ወይም ደላላው የጠቆመውን ሰው አይቅጠሩ። ምርመራው ጀልባው ከውሃ ወጥቶ መደረግ አለበት፣ ማውጫውንም የሚከፍለው ገዢው ነው። ወጪው ያሳስባል፤ በጫማ 25 ዶላር ቢሆን ለ30 ጫማ 750 ዶላር፣ ማውጫው ሲጨመር ከ1,000 ያልፋል። ነገር ግን ሪፖርቱ ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ዋጋ ያስቀንሳል፣ መድን ያሰጣል፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የጥገና ዝርዝር ይሆናል። ሠርቬየሩ ሲሠራ አጠገቡ ይሁኑ፤ በወረቀት ላይ የማይጽፈውን በአፉ ይነግርዎታል።

ሰባተኛ፦ ግብር፣ ዕዳና መድን

በዚህ አካባቢ ግብሩ የሚከፈለው ጀልባው አብዛኛውን ጊዜ ለሚቆይበት ግዛት ነው። ሜሪላንድ የምትወስደው ከዋጋው 5 በመቶ፣ ቨርጂኒያ 2 በመቶ ነው። የቨርጂኒያ ነዋሪ ጀልባውን አናፖሊስ ካቆመ ለሜሪላንድ ነው የሚከፍለው፤ የ10,000 ዶላር ጀልባ ላይ በ500 እና በ200 መካከል ያለ ልዩነት ማለት ነው። ቨርጂኒያ የሚያቆም ደግሞ አካባቢው በየዓመቱ የሚጥለው የንብረት ግብር መኖሩን ለካውንቲው ደውሎ ይጠይቅ።

ከግብሩ ይልቅ ሰው የሚወድቅበት ዕዳው ነው። በአሜሪካ የባሕር ሕግ ያልተከፈለ የማሪና ኪራይና የጥገና ሒሳብ በጀልባው ላይ ራሱ ይቀመጣል፤ ባለቤት ቢለወጥም ዕዳው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሻጩ ካቆመበት ማሪና «ዕዳ የለበትም» የሚል ደብዳቤ ሳይቀበሉ አይፈርሙ። ጀልባው በኮስት ጋርድ፣ ማለትም በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ፣ የተመዘገበ ከሆነም የዕዳ ማጣሪያ ከዚያ ይጠየቃል።

ስለ መድን ሲዋዋሉ የሚጠየቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ጀልባው ቢጠፋ የሚከፈለው በስምምነት የተጻፈው ዋጋ ነው ወይስ በዕለቱ የሚገመተው፣ ጀልባው ቢሰምጥ ስብርባሪውን የማንሻው ወጪ ይሸፈናል ወይ፣ ስም የወጣለት አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከውሃ ማውጣት ግዴታ ነው ወይ። ሦስተኛው ቀልድ አይደለም፤ በሴፕቴምበር 2003 ኢዛቤል የተባለው አውሎ ነፋስ የቤዩን ውሃ ወደ አናፖሊስ መንገዶች አስገብቶት ነበር።

ስምንተኛ፦ ከሌላ ሰው ጋር መግዛት

ወጪውን ለሁለትና ለሦስት መካፈል በጣም የሚያዋጣ ሐሳብ ነው፤ ከላይ ያለው 492 ዶላር ለሦስት ሲካፈል 164 ይሆናል። እቁብ ያደገበት ሕዝብ ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ እቁብ በየተራ ሲደርስ የሚያልቅ ሲሆን ጀልባ ግን እጣው ወጥቶም የማያልቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዳኛና ጸሐፊ ብቻ አይበቃም። ከመግዛታችሁ በፊት በጽሑፍ የሚያዙት፦ በየወሩ ወደ አንድ ሒሳብ የሚገባው ገንዘብ፣ የአንዱ ገቢ ቢቋረጥ ድርሻውን ስንት ወር ሌሎቹ እንደሚሸፍኑለት፣ መውጣት የሚፈልግ ሰው ድርሻው በምን ስሌት እንደሚገመት፣ ሁለቱ መሸጥ ፈልገው አንዱ ቢያንገራግር ምን እንደሚሆን ነው። ወዳጅነትን ያፈረሰ ጀልባ አይቻለሁ፤ ያልተጻፈው ሁልጊዜ አራተኛው ነጥብ ነበር።

ዘጠነኛ፦ የመውጫውን በር ከመግቢያው በፊት ያዘጋጁ

አሁን ወደዚያ በነጻ ሊሰጠኝ ወደነበረው ጀልባ ልመለስ። የጀልባው ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ መምጣት አቁመው ነበር። ማሪናው የቀረውን ኪራይ የሚከፍል ሰው ከተገኘ 27 ጫማውን ጀልባ ያለ ዋጋ እንደሚያስረክብ ነገሩኝ። ቤት ማደስ ሥራው የሆነውን ወዳጄን ይዤ ሄድኩ። እርሱ ስለ ጀልባ ምንም አያውቅም፤ ምሰሶው ሥር ቆሞ ተረከዙን ሁለት ጊዜ መታና «ወንድሜ፣ ይህ ወለል በስብሷል፤ ብገለብጠው በማንኪያ ነው የሚዛቀው» አለኝ። ሞተሩም ደርቋል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነበር። ያን ጊዜ የደነገጥኩት በጥገናው ዋጋ ነበር፤ እውነተኛውን ገደል ያየሁት ግን ማታ ቤት ገብቼ «ብወስደውና ባይሆንልኝስ?» ብዬ ስጠይቅ ነው። ፋይበርግላስ አይበሰብስም፣ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢም አይሆንም። ሰባብሮ ለማስጣል በክሬን፣ በጭነት መኪናና በቆሻሻ መጣያ ክፍያ ብዙ ሺህ ዶላር ሊያስወጣ ይችላል፤ ዋጋ ያለው ኪሉ ውስጥ ያለው እርሳስ ብቻ ነው። ውሃ ላይ ጥሎ መሄድ ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። ጀልባውን ሌላ ሰው ወሰደው፤ በሚቀጥለው የጸደይ ወቅት በዚያው ግቢ በእንጨት ድጋፍ ላይ ቆሞ፣ መስኮቱ ላይ ቅጠል ተጣብቆበት አየሁት።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት መውጫውን ለይተው ይጻፉ። በመጀመሪያ፣ የመረጡት ሞዴል በአካባቢው የሚታወቅና የሚፈለግ ይሁን፤ በሺህ የሚቆጠር የተሠራለት ካታሊና ወይም ፒርሰን ብርቅ ከሆነ የአውሮፓ ጀልባ ቀድሞ ይሸጣል። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት 21 ጫማ ብቻ፣ ዳርቻዎቹም እጅግ ጥልቀት የሌላቸው ስለሆኑ ኪሉ አጠር ያለ ጀልባ እዚህ ገዢ አያጣም። ቀጥሎ የስሊፑን ውል ያንብቡ፦ ዓመታዊ ነው ወይስ ወርኃዊ፣ በመካከል ቢወጡ ቀሪው ይመለሳል ወይ፣ ጀልባውን የሚገዛው ሰው ቦታውን ይዞ መቀጠል ይችላል ወይ። ዓመታዊ ውል ርካሽ ቢሆንም ሥራዎ በሚያሰጋበት ዓመት በወር የሚከፈለው ትንሽ የተወደደ ውል ይሻላል።

ከዚያ በኋላ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ይጻፉና ከቤተሰብዎ ጋር ይፈራረሙበት። ገቢ በተቋረጠ በ30ኛው ቀን መዝናኛ ነክ ወጪ ይቆማል፤ በ60ኛው ቀን ጀልባው ለሽያጭ ይወጣል፣ የመጀመሪያውም ዋጋ ከተገዛበት 20 በመቶ ዝቅ ብሎ ይጻፋል፤ በ120ኛው ቀን ካልተሸጠ ልገሳ ለሚቀበል ድርጅት ወይም ለጀልባ ማሠልጠኛ ይቀርባል። ቀኖቹንና መቶኛውን እንደ ራስዎ ሁኔታ ይለውጧቸው፤ ያለ ቀን የተጻፈ ግን እንዳልተጻፈ ይቆጠር። ወረቀቱን ከባለቤትነት ማስረጃው፣ ከማሪናው ደብዳቤና ከመድኑ ውል ጋር በአንድ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ አድርገው ቤት ያኑሩት፤ ቅጂውን ደግሞ ጀልባው ውስጥ ካርታ በሚቀመጥበት መሳቢያ፣ ከፓምፑ ትርፍ ፊውዝ አጠገብ ያስቀምጡት።